ምጽዋ ውሃዋን ከየት ትጠጣ ነበር?

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተም አንድ ነገር ጻፍልን እንጂ» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ እንደ ብዙዎቻችን የዶርም ትዝታ ነበር። ትዝታውን ግን ከእኔ አሳምረው የሚጽፉ አሉ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው ስወጣ ያልከፈልኩት አንድ ዕዳ አለብኝ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዘንድሮውን መገናኛችንን ምክንያት አድርጌ እሱን ልክፈል።

በ1965 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በምጽዋ ታሪክ ላይ ነበር። ርዕሱ «የባሕር በር» በሚል ቃል ይጀምራል። ስልሳ ምናምን ገጽ ሙሉ ማን መጣ፣ ማን ያዘ፣ ማን ለቀቀ እያልኩ ደረደርኩ። ፖርቱጋል፣ ቱርክ፣ ግብጽ፣ ጣልያን፣ እንግሊዝ። አማካሪዬ ጽሑፉን ሲመልሱልኝ ብዙም አላረሙኝም፤ አንድ ገጽ ጠርዝ ላይ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ «ሰዎቹ ውሃ ከየት ይጠጡ ነበር?» ብለው ጽፈዋል። ተናደድኩ። የነገሥታትና የመርከብ ታሪክ ጽፌ ስለ ውሃ እጠየቃለሁ? ነጥቡን አገኘሁ፣ ተመረቅሁ፣ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

አሁን ሳስበው የምጽዋ ታሪክ ዋና ጥያቄ እሱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከራሴ ጉዳይና «ዓ.ም.» ካልኩበት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ሢሶ

ምጽዋ ብለን የምንጠራት ከተማ በሁለት ትንንሽ ደሴቶችና በየብሱ ዳርቻ ላይ ያረፈች ናት። ወደ ባሕሩ ወጣ ያለችው አሮጌው ከተማና ወደቡ ያሉባት የጥንቷ ምጽዋ ናት፤ የአካባቢው ሰው ባጽዕ ይላታል። በእሷና በየብሱ መካከል ጠዋለት አለች። ሁለቱም የዛጎል ድንጋይ ናቸው። ምንጭ የለም፣ ወንዝ የለም፣ ዝናቡም ቢመጣ በክረምት ሳይሆን በበጋ ወራት፣ እሱም ጥቂት ነው። ሙቀቱን የቀመሰ ያውቀዋል፤ የዓመቱ አማካይ ሠላሳ ዲግሪ ገደማ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 እዚያ ሲደርስ ደሴቲቱን እንዲህ ከፋፍሎ አያት፦ አንድ ሢሶዋ ቤት፣ አንድ ሢሶዋ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ አንድ ሢሶዋ ደግሞ መቃብር። ይህን የብሩስን ነገር በ1965 ዓ.ም. አንብቤው ነበር፤ እንደ ቀልድ አለፍኩት። ቀልድ አይደለም። ለቤታቸው የሰጡትን ያህል መሬት ለውሃ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ለዚያውም አልበቃቸውም። ውሃው፣ ማገዶው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ እህሉ ከወዲያ ማዶ መምጣት ነበረበት። በስተደቡብ በኩል ባሕሩ ዳር ካለችው ከሕርጊጎ ውሃ በጀልባ ይመጣል፤ በስተምዕራብ ካሉት ከእምኩሉና ከአካባቢዋ ጉድጓዶችም እንዲሁ እየተቀዳ ይሻገራል።

እንግዲህ ደሴቲቱን የያዘ ሁሉ አንድ ነገር ይማራል። ጠላት በመርከብ ከመጣ ባሕሩ ይከላከልልሃል፤ ጥም ከመጣ ግን ያው ባሕር እስር ቤትህ ነው።

ደሴቲቱን የያዘና ጉድጓዱን የያዘ

በሚያዝያ 1520 የፖርቱጋል መርከቦች አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያሉበትን መልእክተኛ ይዘው ምጽዋ ሲደርሱ ከተማዋ ባዶ ነበረች። ሕዝቡ ንብረቱን ሰብስቦ ወደ ሕርጊጎ ተሻግሯል። ፖርቱጋሎች መስጊዱ ውስጥ ቅዳሴ ቀደሱበት። እኔ በተማሪነቴ ስለ ቅዳሴው ጻፍኩ እንጂ ስለ ሸሸው ሕዝብ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሕዝቡ ግን ሲከፋው ወደ የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ ውሃው ወዳለበት። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1541 አራት መቶ ያህል የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ወታደሮች ግራኝን ለመውጋት የወጡት በዚሁ በር ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ደጋውን መውጣት የቻሉት ባሕረ ነጋሹ ከወዲህ በኩል ስለተቀበላቸው ነው።

በ1557 ቱርኮች በኦዝዴሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን ያዙ፤ ዓላማቸው ግን ደሴቲቱ ብቻ አልነበረችም። ሐበሽ የሚባል ጠቅላይ ግዛት ሊያቋቁሙ፣ ደጋውን ሊገዙ ነበር። ባሕረ ነጋሽ ይስሐቅ አንዴ ሲወጋቸው፣ አንዴ ሲወዳጃቸው ቆይቶ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን አብሯቸው ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የቱርክ ኃይል ከደጋው ወደ ባሕሩ ጠርዝ ተመለሰ። እዚያም ቢሆን በራሳቸው መኖር አልቻሉም። በሕርጊጎ የሚቀመጥ፣ ከበለው ወገን የሆነ የአካባቢውን ሹም «ናይብ» አሉት፤ ምክትል ማለት ነው። ስሙ ምክትል ይሁን እንጂ ጉድጓዱም፣ የግመሉ መንገድም፣ የከብቱ ገበያም በእጁ ነበር። ናይቡ ሲከፋው ውሃና ስንቅ ይከለክላል፤ ደሴቲቱም ትጨነቃለች። ሹመቱ በቤተሰብ እየተላለፈ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። ኢስታንቡል ያለው ሱልጣን ጌታ ነበር፤ ነገር ግን ሱልጣኑ ውሃ አይቀዳላቸውም።

መቼስ ናይቡም ብቻውን ኃያል አልነበረም፤ ከእሱም በላይ ደጋው ነበረ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ የአፄ ኢያሱን ዕቃ ይዞ ምጽዋ ሲወርድ ናይብ ሙሳ ቀረጥ ካልተከፈለኝ አለ። ንጉሡ ጦር አላዘመቱም። ወደ ደሴቲቱ የሚወርደውን ስንቅ ዘጉበት። ናይቡ ተመለሰ።

ይህች አጭር ታሪክ የጽሑፌን ርዕስ ታፈርስብኛለች። «የባሕር በር» ሲባል በሩ በአንድ ሰው እጅ ያለ፣ ቁልፉን የያዘ የሚከፍተውና የሚዘጋው ይመስላል። የምጽዋ በር ግን ከሁለቱም ወገን የሚቆለፍ በር ነው። ባሕር ላይ ያለው መርከብ ይከለክላል፣ የብስ ላይ ያለው ውሃና እህል ይከለክላል። ሁለቱም ካልፈቀዱ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም።

ሁለት ቤት

የዶርም ጓደኛዬ የምጽዋ ልጅ ነበር። በቤቱ ትግረ ይናገራል፣ ዐረብኛ ያውቃል፣ ትግርኛና አማርኛ ከእኔ በላይ ይቀልድበታል። ጽሑፌን ስጽፍ አጠገቤ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ «አያቴ ሁለት ቤት ነበረው፤ ደሴቱ ላይ የሚሠራበት፣ ሕጡምሎ የሚተኛበት» ብሎኝ ነበር። አልመዘገብኩትም። ይህን ታሪክ የማልለው ከሰነድ ስላልተገኘ ነው፤ እንደዚያ ነበር የሚመስለን ያኔ።

ታዲያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ምጽዋ በእርግጥ እንዲህ ነበር የምትኖረው። ንግዱ ሲሰፋ እምኩሉና ሕጡምሎ አደጉ። ነጋዴው ቀን ደሴቱ ላይ ይውላል፣ ማታ ወደ የብሱ ተሻግሮ አየር ያለበት፣ ውሃ ያለበት ቤቱ ያድራል። የሐድራሞት ዐረብ፣ የሕንድ ባንያን፣ የግብጽ ሰው፣ የቱርክ ወታደር ልጅ፣ የሳምሃር አርብቶ አደር፣ ከደጋ የወረደ ጅበርቲ እዚያ ይገናኛሉ። ከዳህላክ ሉልና የሉል ዛጎል ይመጣል፤ ከደጋው የዝሆን ጥርስ፣ ሰም፣ ቅቤ፣ ቆዳና ዝባድ በቅፍለት ይወርዳል።

ሌላም የሚወርድ ነበር፤ ሰው። ከደቡብና ከምዕራብ ተፈንግለው የተሸጡ ልጆች በዚሁ መንገድ ወርደው በዚሁ ውሃ ተሻግረው ወደ ጅዳ ተጭነዋል። «በራችን» ስንል ይሄም በዚያው በር እንደወጣ መርሳት የለብንም። ሻጩም ገዥውም ከሩቅ የመጣ ብቻ አልነበረም።

ከነዚህ ልጆች አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ሰጠው፤ እምኩሉ ተማረ። ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ከዓመታት በኋላ እሷም ከባርነት የተረፈችው አስቴር ጋኖ እዚያው እምኩሉ ደርሳ አብራው ሠራች። በኦሮምኛ የተተረጎመው አዲስ ኪዳን በ1893 የታተመው በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ነው። የደሴቲቱ ሕዝብ ውሃ የሚቀዳባት መንደር በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሕዝብ የመጽሐፍ ምንጭ ሆነች። ይህን የመሰለ ታሪክ በስልሳ ገጼ ውስጥ አልነበረም።

መንገዱ ሲሠራ

ይህ ሙንዚንገር ለምጽዋ ሌላም ነገር አድርጓል። የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል በ1865 ደሴቲቱን ከሱልጣኑ ተረክቦ ነበር፤ ሙንዚንገር በ1871 የምጽዋ ገዥ ሆኖ ተሾመለት። በሱ ዘመን ባሕሩ ውስጥ ድንጋይና አፈር እየተሞላ ከየብሱ እስከ ጠዋለት፣ ከጠዋለት እስከ ባጽዕ መንገድ ተሠራ። የመጀመሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ያንሳል። ብዙዎቻችን «ድልድዩ» የምንለው እሱ ነው። ከመንገዱ ጋር ከእምኩሉ ውሃ የሚያመጣ ቦይ ተዘረጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምጽዋ እግሯን ሳታርስ የብስ ወጣች፣ ጀልባ ሳትጠብቅም ጠጣች።

ደሴትነቷ ያበቃ ይመስላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መንገድ ያለው ኃይል ወደ ደጋ መውጣት ያምረዋል፤ ውሃ የሚያስመጣ ወታደር ሊያስመጣ ይችላል። ግብጾች ብዙ ሳይቆዩ ሞከሩት። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ተመቱ። ሙንዚንገር ራሱ በ1875 አውሳ ላይ ተገደለ።

አፄ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ድል ነሡ፤ ምጽዋን ግን አላገኙም። መርከብ አልነበራቸውም። በሰኔ 1884 አድሚራል ሂዌት አድዋ ድረስ መጥቶ የተፈረመው ውል መሣሪያ ጭምር ማንኛውም የኢትዮጵያ ዕቃ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ስምንት ወር እንደሞላ፣ የካቲት 5 ቀን 1885፣ ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረደ። ጣልያንም እንደ ቀደሙት ሁሉ ደሴቲቱ ብቻዋን እንደማትበቃ ወዲያው ገባው፤ ወደ ሰሐጢ ወጣ። ጥር 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ ሰሐጢን ሊረዳ የሚሄደውን 500 ያህል ወታደር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱ። ድሉ ታላቅ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ተምረነዋል። ከዶጋሊ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አይነገርም። ጣልያን የመለሰው በጦር ብቻ አይደለም፤ በሐዲድ ነው። በ1888 ባቡሩ ሰሐጢ ደረሰ። በ1911 አሥመራ ገባ። 118 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ። ቀጥሎም በ1930ዎቹ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የገመድ መጓጓዣ ዘረጉ፤ ዕቃው በአየር ተንጠልጥሎ ተራራውን ይወጣል።

በዚሁ ዘመን በምጽዋ በኩል የገባ አንድ ነገር ከጦሩም ከባቡሩም ይበልጥ አገሩን ጎድቷል፤ የከብት በሽታው። ለጣልያን ጦር ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደገባ በሰፊው ይታመናል። ከ1888 ጀምሮ ያለው ክፉ ቀን፣ በሬ ያለቀበት፣ ሰው የረገፈበት፣ ከደሴቲቱ ጠርዝ ተነሥቶ ነው እስከ ሸዋና ከዚያ ወዲያ የዘለቀው። መንገድ የሚያመጣውን መርጦ አያመጣም።

እንግሊዞች ሚያዝያ 8 ቀን 1941 ሲገቡ ጣልያኖች ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን አስጥመው ነበር። እንግሊዞች በበኩላቸው የገመድ መጓጓዣውንና ብዙ የወደብ ዕቃ ነቃቅለው ወሰዱ። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1952 ይህን በመቃወም አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትማለች። በዩኒቨርሲቲያችን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እናት መሆኗን ለማታስታውሱ ላስታውስ።

የኛ ዘመን

ከ1952ቱ ፌዴሬሽን ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። የባሕር ኃይል ዋና ሰፈር ምጽዋ ሆነ። ግብጽና ጣልያን የገዙበት የጠዋለቱ ቤት የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ሆነ። በየዓመቱ በባሕር ኃይል በዓል የብዙ አገር የጦር መርከቦች ይሰለፋሉ። እኔ በ1963 ዓ.ም. ለዕረፍት ጓደኛዬ ቤት ሄጄ አየሁት። ነጭ የለበሱት ካዴቶች፣ ባንዲራው፣ መብራቱ። ጓደኛዬ እናቱን ሊያሳየኝ ሲወስደኝ እሳቸው የመጀመሪያ ያቀረቡልኝ ምግብ አልነበረም። ቀዝቃዛ ውሃ በገል ማሰሮ፣ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት። «ጠጣ ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ውሃ ነው» አሉኝ። አማካሪዬ ጥያቄውን ከመጠየቃቸው ሁለት ዓመት በፊት መልሱ እጄ ላይ ነበር። ጠጣሁና ረሳሁት።

ከዚያ ጦርነቱ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የሕዝባዊ ግንባር ጦር የየብሱን በኩል በሁለት ሦስት ቀን ያዘ። በብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ የሚመራው የኛ ጦር ጠዋለትና ወደቡ ላይ ተከበበ። በፊታቸው ያ ሙንዚንገር የሠራው መንገድ፣ በኋላቸው ባሕር። ከየብሱ የሚመጣው ሁሉ ተቋረጠ። ጄኔራሉ እጅ አልሰጡም፤ እዚያው ወደቁ። በሁለቱም ወገን በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ያለቀው ወጣት የአንድ ትውልድ ልጅ ነበር። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ደግሞ የደርግ አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ ሲቪል ሰው ሞተ፣ ለረሃብተኛ የመጣ እህል ተቃጠለ። ዛሬ ከመንገዱ ጫፍ ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ ቆመዋል።

ይህን የምጽፈው ቁስል ለመነካካት አይደለም። የኢያሱ ዘመን ትምህርት በኛ ዕድሜም እንደሠራ ለማሳየት ነው። የብስ የሌላት ደሴት አትቆምም። ወደብ የሌለው የብስም ይቸገራል፤ ከግንቦት 1998 ወዲህ ዕቃችን ሁሉ በጂቡቲ ሲዞር አይተናል። በ2018 የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም «መቀሌ» የተባለችው የንግድ መርከባችን ምጽዋ ገብታ ጭነት ስታነሳ ሃያ ዓመት ሞልቶ ነበር። ያ ደስታ ብዙ አልቆየም።

አሁን ደግሞ ስለ ባሕር በር በየቡና ቤቱ ይወራል። ወጣቶቹ እኔንም «ጋሼ፣ ታሪኩ ምን ይላል?» ይሉኛል። እኔ የማውቀው ታሪክ የሚለው ይህን ነው፦ ምጽዋን በኃይል የያዘ ሁሉ ይዟታል፣ የጠቀመችው ግን ከወዲያኛው ወገን ጋር በተስማማ ጊዜ ብቻ ነው። ቱርክ ከናይቡ ጋር፣ ናይቡ ከደጋው ጋር፣ ነጋዴው ከሁለቱም ጋር። ስምምነቱ በተቋረጠ ቁጥር ጥሙ የደረሰው መጀመሪያ ጄኔራሎቹና ነገሥታቱ ጋ አይደለም። በሕጡምሎ ተኝተው በደሴቱ ለሚሠሩት ነው።

ዕዳው

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልክ ሲከፈት እንደ ብዙ ሰው እኔም ደወልኩ። ከሃያ ዓመት በፊት የጻፍኩት ቁጥር ነበር። ያነሣው ልጁ ነው። አባቱ ተሰጠውና ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «ጽሑፍህን ጨረስክ ወይ?» አለኝ። ሳቅን። ስለ እናቱ ጠየቅሁ፤ አርፈዋል። የማሰሮውን ነገር አነሣሁለት። ያስታውሳል። «እሱ ውሃ እኮ ያኔም ከእምኩሉ ነው የሚመጣው» አለ።

እንግዲህ መልሱ ይሄ ነው፣ ጋሼ አማካሪዬ፣ ባሉበት ነፍስዎን ይማር። ከማዶ ነበር የሚጠጡት።

ዛሬ ያ ስልክ አይሠራም። በዚህ መጽሔት መጨረሻ በሚታተመው የተመራቂዎች ዝርዝር ላይ ስሙ «አድራሻቸው ያልተገኘ» ከሚለው ሥር ነው። እሱ ብቻ አይደለም፤ ስቆጥር ከክፍላችን ብቻ ሰባት ሰው ከዚያ ማዶ ነው። ከናንተ መካከል በሦስተኛ አገር በኩል፣ በልጅ በኩል፣ በማንም በኩል የምታገኟቸው ካላችሁ ይህን መጽሔት አድርሱላቸው። የሱን እኔ አስቀምጥለታለሁ።